የጽዋ እህት

ዳንግላ ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ዘመድ የሌለው ሰው ይጠየቅ። ሌላው ቀን ደህና ነው። ተማሪው ይንጫጫል፣ ደወሉ ይደወላል፣ ጠመኔው ልብሴ ላይ ይቦናል፣ ሳይታወቀኝ ይመሻል። እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሁሉ ወደየዘመዱ ይበተንና እኔ ከወይዘሮ ደጊቱ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ከዝናቡ ጋር እቀራለሁ። የአገው ምድር ዝናብ ደግሞ ከጀመረ እንግዳ አይደለም፣ ባለቤት ነው።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ሰው ሁሉ፣ «ምን ትሆኚ፣ አገርሽ ቅርብ ነው» ይለኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የተወለድኩት ከቆሰበር ማዶ ነው። ነገር ግን ገና የወተት ጥርሴ ሳይወልቅ አጎቴ ደብረ ማርቆስ ወስዶ አሳደገኝ። ስለዚህ በአባቴ ደጅ «ተማሪዋ» ነኝ፤ አገውኛዬ የሕፃን ነው እያሉ ይስቁብኛል። ዳንግላ ላይ ደግሞ ጫማ ብጫማም፣ ፀጉሬን ብሠራም፣ የአበረ ልጅ፣ የባላገር ልጅ ነኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እኔ ዋጋዬ ነኝ።

አየነውን ያወቅሁት በክትባት ቀን ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር፤ ፈንጣጣ ሊከትብ ትምህርት ቤታችን መጣ። ከየገጠሩ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት እናቶች ነጭ ካፖርቱን ሲያዩ ወደ አጥሩ ሸሹ። እሱ በአማርኛ ይለምናል፣ እነሱ በአገውኛ ይመካከራሉ። እኔ በዚያው በሚሳቅበት አገውኛዬ ገባሁና አንድ ሁለት ቃል ስናገር መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ኋላ ግን ልጆቻቸውን አቀረቡ።

«ወይዘሪት» አለኝ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ የምከትበው ራሴን ብቻ ነበር።»

ቀጠን ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። እናቱ ወይዘሮ ማናለብሽ የሟቹ የግራዝማች ባለቤት፣ ከመድኃኔ ዓለም ጎን ያለው የቆርቆሮ ቤት እመቤት ናቸው። እሱ ግን የግራዝማች ልጅ ነኝ አይልም። ፊት ለፊት ሰው አያይም፤ ዘወር ስል ነበር የሚያየኝ። እንዴት አወቅሽ ካላችሁኝ፣ እኔም እሱ ዘወር ሲል ስለማየው ነው።

«እሑድ እሑድ ምን ይሠራሉ?» አለኝ።

«ዝናብ አዳምጣለሁ።»

«እንግዲያስ ወደ ማኅበራችን ይምጡ። ዝናቡ እዚያም አለ፤ ሰው ይጨመርበታል እንጂ።»

እንዲህ ብሎ ነው የጠራኝ።

ማኅበሩ የዳንግላ ወጣት ሠራተኞች ማኅበር ይባላል። አስተማሪው፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ የእርሻው ሠራተኛ፣ ስልከኛዋ እህተማርያም፣ ሁሉም አሉበት። ጋዜጣ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ማታ ማታ ላልተማረው ፊደል ያስቆጥራሉ። ያቋቋመው አየነው ነው። ምክንያቱን የነገረችኝ እህተማርያም ናት። ካቻምና አንድ ከወሎ የመጣ ወጣት ጸሐፊ በተስቦ ሞተ፤ ቃሬዛ የሚሸከም ጠፍቶ አየነውና የጤና ጣቢያው ዘበኛ ከመንገድ ሰው እየለመኑ ቀበሩት። ከመቃብር ሲመለስ አየነው፣ «ከእንግዲህ እዚህ ከተማ ላይ ሠራተኛ ሰው አጥቶ አይቀበርም» አለ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ የሚባለውን እሱ በሞተ ሰው ነው የተማረው።

ሽማግሌዎቹ ታዲያ መጀመሪያ አጉረመረሙ። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ በሩን ዘግቶ ጋዜጣ የሚያነበው ምን ሊሆን ነው ተባለ። ነገሩን ያበረዱት ቄስ ሽባባው ናቸው። «ስም ያለው ማኅበር አድርጉት፣ አፍ ይዘጋል» ብለው የመድኃኔ ዓለም ጽዋ አቆሙላቸው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ከመድኃኔ ዓለም ቀጥሎ ባለው እሑድ ዳቦና ጠላ ይቀርባል፤ ጽዋውን ያነሣ ሰው የሚቀጥለው ወር ማኅበር በእሱ ቤት ይሆናል። ጽዋ ያላነሣ እንግዳ ነው፤ ያነሣ ማኅበርተኛ ነው።

እኔ እስከ ታኅሣሥ እንግዳ ነበርኩ፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜም አላውቅም። ለገጠር ሴቶች ማታ ፊደል አስተምር ነበር፤ አማርኛው ሲያስቸግራቸው በአገውኛ እጨምርላቸዋለሁ። አየነው መብራት ያዥ ሆኖ ከኋላ ይቆማል። አንድ ምሽት አንዲት ባልቴት ስሟን ጽፋ ስታለቅስ እሱም እኔም ዓይናችን እንባ አቀረረ፤ እኔን ሲያየኝ፣ «አንቺ፣ አታልቅሺ እንጂ» አለኝ። ከእርስዎ ወደ አንቺ የወረድንበት ምሽት ያ ነው። ብቻዬን ወደ ቤቴ ስሄድ «አንቺ» የሚለውን እየደጋገምኩ ሄድኩ። ያለ ነገር ፈገግ የሚል ሰው ካያችሁ አትፍረዱበት።

ከዚያ የእህተማርያም ተራ ደረሰና ማኅበሩ በእሷ ቤት ሊሆን ሳምንት ሲቀረው፣ «ዋጋዬ፣ በዚህኛው ጽዋውን አንቺ አንሺ፤ እስከ መቼ እንግዳ ትሆኛለሽ» አለችኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ለአየነው ልነግረው ስፈልግ እሱ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ጽዋውን ለማንሳት አትቸኩይ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «ቆይ። ጥምቀት ይለፍ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው። አሁን ልነግርሽ አልችልም።»

ይህን ያለው ሐሙስ ነው። በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ገበያ ላይ እናቱን አይቻቸው ነበር። እጅ ስነሣቸው አላዩኝም፤ ሳልፍ ግን ለጎረቤታቸው ሲናገሩ ሰማሁ። «ይቺ የማን ናት?» አሉ። «የቆሰበሩ የአበረ ልጅ፣ አስተማሪዋ» አለቻቸው። «ኧረ፣ ባላገርም ማኅበርተኛ ሆነ?» አሉና ሳቁ። እንግዲህ የማክሰኞውን ሳቅ ከሐሙሱ «ቆይ» ጋር ደመርኩት። አፈረብኝ አልኩ። ከእሱ ጋር በአንድ ጽዋ እንዳልቆጠር ፈልጎ ነው አልኩ። የባላገር ልጅ በአንዲት የኪራይ ክፍል ማኅበር ስታበላ እንዳይታይ ነው አልኩ። ብቸኛ ሰው ሲያስብ ማን ይቃወመዋል? ግድግዳው እንደሆነ ሁሉን እሺ ይላል።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ለእኔ ግን ጽዋ አዋሱኝ። እሑድ ቄስ ሽባባው፣ «ማን ያነሣል?» ሲሉ ከሁሉም ቀድሜ ብድግ አልኩ። አየነው በተቀመጠበት እጁን ትንሽ ዘረጋ፣ ከዚያ መልሶ ሰበሰበው። አይቼዋለሁ። አይቼው ነው ጽዋውን የጨበጥኩት።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የአንድ ጽዋ ልጆች ናችሁ» አሉ ቄሱ። «እነዚህ ወንድሞችሽ ናቸው፣ እነዚህ እህቶችሽ ናቸው።»

«አሜን» አልኩ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ።

ስንወጣ አየነው አጠገቤ መጣ። ወንዝ ሲሻገር ውሃው ዕቃውን የወሰደበት ሰው ይመስል ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ» አለኝና ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ እህቴ ብቻ ሆንኩ። «እንደምን ዋልሽ፣ እህቴ።» «መብራቱን እዚያ አስቀምጬዋለሁ፣ እህቴ።» ስሜን የሚያውቀው አይመስልም። መብራቱን ያመጣል፣ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ይሄዳል። አሁን እንግዲህ ማኅበርተኛ ነኝ፤ ባስነጥስ የሚጠይቀኝ ሰው ሞልቷል፣ ብሞትም ተሸካሚ አላጣም። ግን ቤቴ ስገባ ያ የመስከረሙ ብቸኝነት በጣም ደግ እንደነበር ገባኝ፤ ያኔ ሰው ነው የጎደለኝ፣ አሁን የጎደለኝ አንድ ሰው ነው። ሰው ቢጎድል ጎረቤት ይሞላዋል። አንድ ሰው ሲጎድል ግን ማኅበር ሙሉ ሰው አይሞላውም።

ለጥር ጊዮርጊስ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። የጭነት መኪና ላይ ከድንች ጆንያ ጋር ተሳፍሬ፣ አዲስ ቅዳም ላይ አቧራ ጠጥቼ፣ ቆሰበር ወረድኩና በእግሬ ቀጠልኩ። አባቴ አበረ የፈረስ ሰው ነው። በዓሉ አልፎ ደጅ ቁጭ ብሎ የኮርቻውን ጠፍር ሲያጠብቅ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የጠፍሩን ጫፍ ያዝኩለት። አባቴ ዝምታ አይከብደውም፤ እኔን ነው የሚከብደኝ።

«ከስተሻል» አለኝ በመጨረሻ። «አንቺው መልሰሽው ደግሞ የምትከሺው ለምንድን ነው?»

«ምኑን ነው የመለስኩት አባዬ?»

«ሽማግሌውን ነዋ።»

እጄ ላይ ያለውን ጠፍር ለቀቅሁት።

አባቴ ቀና አለ። «ከገና በፊት አንድ ሽማግሌ መጥቶ ነበር። የግራዝማች ልጅ፣ ያ የመርፌው ሐኪም፣ ልኮት ነው። ከጥምቀት በኋላ በወጉ እንመጣለን፣ እስከዚያ ልጅቷ አትስማ አለኝ። እኔም ደግ አልኩ። እናቱ አሻፈረኝ ብላ ነበር አሉ፤ እሱ ነው ለምኖ ለምኖ እሺ ያሰኛት። ኋላ አንቺ ከእሱ ጋር ጽዋ አነሣሽ ሲሉ ሰማሁ። ልጄ ብልህ ናት አልኩ። ሽማግሌ ሳታዋርድ፣ እምቢ ሳትል፣ ወንድሜ ነህ አለችው አልኩ። አገሩም ሁሉ እንዲሁ ነው ያለ።»

«ጽዋ ማንሳት እምቢ ማለት ነው?»

«የጽዋ እህቱን ማን ያገባል?»

«አባዬ፣ እኔ እኮ አላውቅም ነበር።»

ኮርቻውን አስቀመጠ። «የዚህ አገር ልጅ አይደለሽም?» አለኝ። ሊያስከፋኝ ብሎ አይደለም፤ ግራ ገብቶት ነው። ለዚያ ነው የባሰ ያመመኝ። የአገሩ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ለእኔ ማን ይንገረኝ? ደብረ ማርቆስ በመጽሐፍ ውስጥ ይህን አላስተማሩኝም። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ፤ አባቴም ትልቅ እጁን ጀርባዬ ላይ አደረገ።

ቆይቶ ቆይቶ፣ «ጽዋ እኮ ይመለሳል» አለ። «ከሁለት አንዳችሁ ከመለሳችሁ ወንድምና እህትነቱ ይፈርሳል። የመለሰ ሰው ግን ከማኅበሩ ወጣ ማለት ነው። ቢታመም አይጠይቁትም፣ ቢሞት አይሸከሙትም። ሰው ሁሉ ይታዘበዋል። ቀላል እንዳይመስልሽ።»

በማግሥቱ ዳንግላ ደረስኩ። ከመኪናው እንደወረድኩ አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ጤና ጣቢያ ገባሁ። አየነው መርፌ እየቀቀለ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ» አለኝ።

«እህቴ አትበለኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ራስሽ የመረጥሽው ነው።»

«አልመረጥኩም። አላወቅሁም። ሽማግሌ መላክህን አላወቅሁም፣ ጽዋ ማንሳት ምን እንደሆነም አላወቅሁም። ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናትህ ገበያ ላይ ሲስቁብኝ ሰማሁ፣ ደግሞ አንተ ቆይ አልከኝ። ያፈርክብኝ መሰለኝ።»

መርፌ መያዣውን ከእጁ አኖረና ሕመምተኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ በአንቺ?» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «እኔ እኮ እምቢ ያልሽኝ መሰለኝ። ሽማግሌው ከአንደበቱ አምልጦት ሰምተሽ፣ በዘዴ የመለስሽኝ መሰለኝ። እናቴም፣ 'ልመናህ ይኸው፣ ባላገር ናቀህ' አለችኝ። እኔ ግን አልተቀየምኩሽም። ሴት ልጅ ወንድም ሁነኝ ካለች ወንድም ከመሆን ሌላ ምን ይደረጋል?»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እህቱን ማን ይጠይቃል?»

ውሃው ይንተከተካል። ልስቅም ላለቅስም ፈለግሁ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ መንገድ፣ ወር ሙሉ ሁለታችንም ተገፋን ብለን አንገታችንን ደፍተን ስንተላለፍ ኖረናል።

«እመልሰዋለሁ» አልኩት። «እሑድ ማኅበሩ እኔ ቤት አይደል? በሁሉም ፊት ጽዋውን እመልሳለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ዳንግላ ላይ ከማኅበሩ ሌላ ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«ማታ የሚማሩት ሴቶችስ? ጽዋ ከመለስሽ ማኅበሩ ወደሚያስተምርበት ቤት አትገቢም። ማን በአገውኛ ይነግራቸዋል?»

ዓይኔን ወደሚንተከተከው ውሃ መለስኩ።

«ቆይ» አለኝ። «ዋ— እህ... ቆይ። አትቸኩይ።» ስሜንም «እህቴ»ንም ጀምሮ ዋጠ።

ቆይ! ይቺ ቃል እኮ ናት ያጠፋችኝ። እናቱ አሸንፈዋል አልኩ፣ ሊያጉላላኝ ነው አልኩ፣ ዳር ዳር ማለቱ ነው አልኩ። ግድግዳዬም እንደ ልማዱ እሺ አለኝ። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ አፍስሼ ገና አልለቀምኩም። በዚህኛው ራሴን ገትቼ ቆየሁ። ከእሱ አንድ ቃል ሳይመጣ ቅዳሜ መሸ።

እሑድ ወይዘሮ ደጊቱ የጠመቁልኝ ጠላ ቀረበ፣ ዳቦው ተባረከ። ያቺ ዝናብ ብቻ የሚጎበኛት ክፍሌ በሰው ተሞላች። አየነው በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ቄስ ሽባባው ጸሎታቸውን አድርሰው ጽዋውን ሰጡኝ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ባለ ተራዋ ጽዋውን ይዛ ትቆማለች፤ የሚያነሣ ሰው መጥቶ እስኪቀበላት ድረስ ከቦታዋ አትነቃነቅም፣ አትናገርም።

«ማን ያነሣል?» አሉ።

አየነው ተነሣ። ሰው ሁሉ ሊቀበል መስሎት ፈገግ አለ፤ እኔም መሰለኝ። እሱ ግን ወደ እኔ አልመጣም። የጠጣበትን ዋንጫ በቄሱ ፊት ደፍቶ አስቀመጠና እጁን አጣምሮ ቆመ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ። ጽዋዬን መልሻለሁ።»

እህተማርያም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማን በደለህ ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«ማንም አልበደለኝም።»

«ምክንያትህስ?»

ወደ እኔ አላየም። ስሜን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳያወጣው ነው፤ ገብቶኛል። «ምክንያቴ የኔ ነው» አለ።

ቄስ ሽባባው ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እኔ፣ ወደ ጽዋው፣ ተመልሶም ወደ እሱ ሄደ። ሽማግሌ ሰው ነገር ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። «በመጽሐፍ የተከለከለ ነገር ላይኖር ይችላል» አሉ ቀስ ብለው፣ «አገር ግን የራሱ መጽሐፍ አለው። ደንቡን ታውቃለህ። ብትታመም አይጠይቁህም። ብትሞት አይሸከሙህም።»

«አውቃለሁ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ያ ከወሎ የመጣው ጸሐፊ ትዝ አለኝ። ሰው አጥቶ የተቀበረውን አይቶ ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰበ ሰው፣ አሁን እኔ ሰው እንዳላጣ ብሎ ራሱ ሰው አልባ ሊሆን ነው። ቆይ ያለኝ ለዚህ ነበር። ልጮህ ፈለግሁ፣ ተወው፣ እኔ ልሂድ ልል ፈለግሁ። ጽዋው እጄ ላይ ነው። የሚቀበለኝ የለም፤ ስለዚህ መናገርም መነቃነቅም የለብኝም። እንባዬ ግን ሥርዓት አያውቅም፤ ወረደ።

አየነው ቆቡን አነሣ። ማንም ብድግ አላለለትም፤ ከማኅበር ለወጣ ሰው ብድግ አይባልም። ጸሐፊው ጣሪያውን ያያል፣ የእርሻው ሠራተኛ ጫማውን ያያል። እሱ በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለ። ዘወር ስል ብቻ የሚያየኝ ሰው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ፊት ለፊት አየኝ።

«ደህና ዋይ፣ ዋጋዬ» አለኝ።

ወጣ። ያን ቀን ዝናብ እንኳ አልነበረም፤ ጫማው በጠጠሩ ላይ ሲርቅ ይሰማ ነበር። ቄስ ሽባባው፣ «ማን ያነሣል?» አሉ እንደገና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ማንም ቶሎ አልተነሣም። እሱ ከደጅ ብቻውን ይሄዳል፤ እኔ ከውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ወንድምና እህት መካከል፣ ጽዋ ይዤ ብቻዬን ቆሜአለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያን ሰዓት ብቸኛ ሆኜ አላውቅም። ነገር ግን በስሜ ጠርቶኛል፤ ከዚያ ወዲያ እህቱ አልነበርኩም።